ያልጫንነው ትራክተር

ባለፈው ግንቦት የእህቴ የልጅ ልጅ ኮምቦልቻ ላይ ተዳረች። ሙሽሮቹ እስኪመጡ እኛን አሮጊቶቹን ከሆቴሉ ግቢ ጥላ ሥር አስቀምጠውን ሳለ፣ አንድ ጎልማሳ ሠራተኛ እየተንጣጣ የሚሄድ ትንሽ የሣር ማጨጃ እየገፋ መጣና ድንኳኑ ያልሸፈነውን መስክ መከርከም ጀመረ። የእርጥብ ሣርና የቤንዚን ሽታ አንድ ላይ ተነሣ። እኔ እንጃ፣ ሆዴ ባባ፣ ዐይኔ ሞላ። አጠገቤ የተቀመጠችው የእህቴ ምራት "ምነው እትዬ የሺ፣ አመመዎት እንዴ?" ብትለኝ "ሣሩ ነው" አልኳት። የሚያስነጥሰኝ መስሏት መቀመጫዬን ልታዛውርልኝ ተነሣች። ተይኝ፣ እዚሁ ይሻለኛል አልኳት።

ያኔ፣ በወጣትነቴ፣ ኮምቦልቻ እኛ ደሴዎች ከብርዱ ወርደን የምንሞቅባት ከተማ ነበረች። ደሴ በጉም ታፍና ስናድር፣ ጠዋት መኪና ተሳፍረን የዶሮ መዝለያን ቁልቁለት እየተጠማዘዝን ስንወርድ መጀመሪያ ነጠላው ይወርዳል፣ ከዚያ ሹራቡ ይወልቃል፣ ቦርከና ወንዝ ዘንድ ስንደርስ ሁላችንም ክንዳችንን አውጥተን መንገደኛውን እናያለን። የጨርቃ ጨርቁ ሴቶች ሺፍት ሲለቁ ፀጉራቸው ላይ የጥጥ ብናኝ እንዳለ ተያይዘው ይወጣሉ። ሁለት ብር የያዘ ሰው ሻይና ፓስቲውን ቀምሶ፣ ለቤቱ ሸንኮራና ብርቱካን ይዞ፣ ተሳፍሮ ይመለስ ነበር። አሁን ያንን መንገድ ባጃጁና ሚኒባሱ ሞልቶት የት ቆሜ እንደነበር እንኳ ለመለየት ብዙ ተቸገርኩ። አጥሩን ሳላገኘው ቀረሁ። የመንግሥት የእርሻ መሣሪያ ግምጃ ቤት የነበረውን አጥር ማለቴ ነው፤ በሕይወቴ አንድ ትልቅ ምርጫ የመረጥኩት እዚያ አጥር ውስጥ ነበር።

የተወለድኩት ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው። አባቴ ፒያሳ ከአንድ ጨርቅ ቤት በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሚሠራ ልብስ ሰፊ ነበር። እናቴ አስተማሪ እንድሆንላት ትመኝ ነበር፤ እኔ ግን ከሕፃንነቴ ጀምሮ ልቤ ሞተር ላይ ነው። አሥራ ሁለተኛን እንደጨረስኩ ሴቶች በትራክተር ነጂነት ይሠለጥናሉ የሚል ማስታወቂያ ሲለጠፍ ለማንም ሳልነግር ሄጄ ተመዘገብኩ። ከመላው ወሎ አምስት ሴቶች ነበርን። ካኪ ቱታ ሰጡን። አባቴ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ዝም አለ፣ በመጨረሻ ቱታውን ወገቡ ላይ ሰብስቦ እንዲያምርብኝ አድርጎ ሰፋልኝ። ሥልጠናውን ስንጨርስ ከትራክተሩ መሪ ኋላ ተቀምጬ የተነሣሁትን ፎቶ ፒያሳ ያለው ፎቶ ቤት አሳድጎ መስኮቱ ላይ ሰቀለው። አፍሮዬ ከፍ ብሎ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ። ከሰዓት በኋላ ከጓደኞቼ ጋር ተርጋል ሱሪያችንንና ባለተረከዝ ጫማችንን አድርገን ስንንሸራሸር፣ እንደ ዋዛ ሆኜ በዚያ መስኮት በኩል ደጋግሜ አልፍ ነበር። ከሙዚቃ ቤቱ ያ የአምባሰል ቅኝት በድምፅ ማጉያ ይፈስሳል፤ እኔ ራሴን አይቼ አልጠግብም።

ምደባ ሲወጣ ሌሎቹ አራቱ ወደ ትልልቅ እርሻዎች ሄዱ። እኔን ከደሴ ወጣ ብሎ ገራዶ ሜዳ ላይ ወዳለው የፈረስና የበቅሎ እርባታ ጣቢያ መደቡኝ። ትራክተር ይመጣላችኋል፣ ነጂዋ ቀድማ ትጠብቀው ተባለ። ቱታዬን ለብሼ፣ የመፍቻ ቦርሳዬን አንግቤ ደረስኩ። በሩ ላይ ያገኘሁት ባልደራሱን፣ ማለት የፈረሶቹን አለቃ፣ አያ ሰይድን ነበር። የኩታበር ሰው ናቸው። ረዥም፣ ከሲታ፣ ነጭ ቆብ ከራሳቸው የማይለይ፣ ሲራመዱ እንኳ ፈረስ እንዳይደነግጥባቸው ቀስ የሚሉ ሰው።

"አሰላሙ ዐለይኩም ልጄ። ማንን ፈልገሽ ነው?"

"የትራክተር ነጂዋ ነኝ። ትራክተሩ የሚቆምበት የት ነው?"

አንድ ዳስ አሳዩኝ። ባዶ ነው፤ ጥግ ላይ ዶሮ ዕንቁላል ታቅፋለች። "ለጊዜው እሷ ይዛዋለች" አሉኝ። አልሳቁም፤ እኔ ግን ሳቅሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባትና ልጅ ሆንን።

ትራክተሩ አልመጣም። ወር አለፈ፣ ክረምት ገባ። የፓምፕ ሞተር ብጤ እየጠገንኩ፣ የጋሪ ጎማ እየለጠፍኩ ቀኑን እገፋለሁ። አያ ሰይድ ሥራ ፈትቼ እንዳልከርም ፈረስ ያስተምሩኝ ጀመር። ባዝራ፣ ሴቷ ፈረስ፣ ስታረግዝ ዐይኗ እንዴት እንደሚለሰልስ፣ ድንጉላ፣ ወንዱ፣ ሊናከስ ሲል ጆሮውን ወዴት እንደሚጥል፣ ለፈረስ ከየት በኩል እንደሚቀረብ ከሳቸው ነው የተማርኩት። "ሞተር ሲከፋው ይጮኻል" ይሉኝ ነበር፤ "ፈረስ ሲከፋው ግን ዝም ነው የሚል፤ አንቺ ነሽ የምታውቂለት።" ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ በደረስኩበት ግንቦት ያየሁት ነገር አለ። ድርቆሹ ሚያዝያ ላይ አልቆ ባዝሮቹ ወተታቸው ነጠፈ፣ ውርንጭሎች አለቁ። አንዲት ዳማ ባዝራ የሞተ ልጇን እየጠበቀች ሦስት ቀን ውሃ አልቀምስም አለች። አያ ሰይድ በሦስተኛው ቀን አጠገቧ ቆመው፣ አንገቷን አቅፈው በጆሮዋ የሆነ ነገር ሲያወሯት አየሁ። ምን እንዳሏት አልጠየቅኋቸውም። ሣሩ እኮ ነበረ። ገራዶ ሜዳ መስከረም ላይ ሣሩ እስከ ወገብ ነው። ግን በማጭድ ሲታጨድ ግማሹ ሳይነካ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ጭድም አይሆን።

ወረቀቱ የመጣው መስከረም ማለቂያ ላይ ነው። "ለጣቢያው የሚያስፈልግ መሣሪያ፣ በባለሙያዎች ምርጫ፣ አንድ ጭነት" ይላል። ባለሙያዎቹ እኔና አያ ሰይድ ነን፤ እኔ ለሞተሩ፣ እሳቸው ለፈረሱ ዕቃ። ሥራ አስኪያጃችን የደረት ኪሱ ሁልጊዜ በብዕር የተሞላ፣ ሳፋሪ የሚለብስ፣ ክፉ ያልነበረ ግን አለቆቹን በጣም የሚፈራ ሰው ነበር። አብሮን ሊሄድ አስቦ ሳለ ደሴ ለስብሰባ ተጠራ። የመኪናውን በር ይዞ "ጓድ የሺመቤት፣ ትራክተሩን ነው፤ ሌላ ነገር እንዳታዪ። ከበላይ አካል ጉብኝት አለብን፣ ትራክተር ግቢው ውስጥ ቆሞ መታየት አለበት" አለኝ። እኔ ምን ልበል? እንቅልፍ አጥቼ ያደርኩት ለዚሁ ነው። ቱታዬን አጥቤ፣ ተኩሼ ለብሻለሁ።

ይመር በሚባል ሾፌር በሚነዳ አሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና ተሳፍረን ወረድን። እኔ መሐል፣ አያ ሰይድ ዳር። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ቁልፉን እያንቀጨለ ከፈተልን። ትራክተሯ ቆማለች! ቀይ፣ አዲስ፣ የጎማዋ ጥርስ ገና ጭቃ ያልነካው፣ ከወንበሯ ላይ ላስቲኩ ያልተነሣ። ዘይቷን አየሁ፣ ውሃዋን አየሁ፣ ወጥቼ አስነሣኋት። በአንድ ጊዜ ተነሣች። ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞርኩ። ሺፍት የለቀቁ የፋብሪካ ሴቶች አጥሩን ይዘው ቆመው "ሴት እኮ ናት! ሴት እኮ ናት!" እያሉ አጨበጨቡልኝ፣ አንዷ እልል አለች። ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም እንደዚያ ያማረብኝ አይመስለኝም። አያ ሰይድ ግድግዳ ተደግፈው በዐይናቸው ይከተሉኛል።

ሳቆማት ቀረብ ብለው ጭስ ማውጫዋን እያዩ "ናፍጣዋስ?" አሉኝ።

"በኩፖን ይሰጡናል።"

"ለኤንትሬው ያልተገኘውን?"

"ለትራክተር ቅድሚያ አለው ይላሉ፣ አያ።"

"ኸይር። ሣሩንስ ታጭዳለች?"

ወደ ኃላፊው ዞርኩ። ማጨጃው ብቻውን ነው የሚመጣ፣ ገና አሰብ ወደብ ላይ ነው፣ ለጊዜው ያለው ማረሻው ነው አለኝ። መቼ ይመጣል ብዬ ብጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ። አያ ሰይድ ትተውን ወደ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ገቡ። ጥቂት ቆይተው "የሺ፣ ነይ እስቲ አንዴ" ብለው ጠሩኝ።

ከጀርባ፣ አቧራ በወረሰው ሸራ ሥር፣ በሁለት ፈረስ የሚጎተት ማጨጃ ቆሟል። ሁለት የብረት ጎማ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የብረት ወንበር፣ በጎን የተዘረጋ እንደ መጋዝ የተጠረሰ ረዥም ስለት። አጠገቡ ሣር መሰብሰቢያ ትልቅ የብረት መንሽ፣ በእጅ የሚዞር የድርቆሽ መክተፊያ፣ የመጎተቻ ጠፍሮች። ከዚያ ወዲያ እስከ ጣሪያው የተደረደረ የጭነት ኮርቻ። ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም፤ ከቀድሞው ዘመን የቀረ ነው አለ ኃላፊው፣ የሚወስደው ጠፍቶ። አያ ሰይድ አንዱን ኮርቻ አውርደው ገለበጡት፣ ከሆዱ ያለውን ስፌት በጣታቸው ዳበሱት፣ አሸተቱት። "ቆዳው አልሞተም" አሉ። ከዚያ ወደ ማጨጃው እያዩ፣

"ይሄ ይሠራል? እኔ ብረት አላውቅም፣ አንቺ ነሽ የምታውቂ።"

ሥሩ ገብቼ ተኛሁ። ጥርሶቹን በጨርቅ ጠረግሁ፣ ጎማውን አዙሬ ስለቱ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ስለቱን የሚገፋው የእንጨት ዘንግ ተሰንጥቋል እንጂ ሌላው ደኅና ነው። ዘንጉን ደግሞ ደሴ ያለ አናጢ ሁሉ ይሠራዋል። ዋሽቼ አይሠራም ማለት እችል ነበር። ማንም አያውቅብኝም።

"ይሠራል" አልኳቸው።

"እንግዲህ ያየሽውን አየሽ፣ ልጄ። እኔ ዙህር ልስገድ" ብለው ውዱእ ሊያደርጉ ወደ ቧንቧው ሄዱ። ሁለቱን ማንሳት ይቻል እንደሆነ ኃላፊውን ጠየቅሁት። ወረቀቱን አነበበልኝ፤ አንድ ጭነት። ትራክተሯ ብቻዋን ኤንትሬውን ትሞላዋለች። ማጨጃውና ኮርቻዎቹም እንደዚሁ።

ብቻዬን ቀረሁ። ወደ ትራክተሯ ተመልሼ ወጣሁና ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። እጄን መሪዋ ላይ ጭኜ ትራክተሯን እንድወስድ የሚጠብቁትን ለራሴ ቆጠርኩ፤ አባቴ አለ፣ ፎቶው አለ፣ ሥራ አስኪያጁ አለ፣ ጓደኞቼ ከየእርሻቸው የሚጽፉልኝ ደብዳቤ አለ። በሌላ በኩል ያለው አንድ ሜዳ ሣር ነው። ነገር ግን ያቺ ዳማ ባዝራ ትመጣብኛለች። ዐይኔን ስጨፍን እሷ፣ ስገልጥ እሷ። ማረሻ ይዤ ብሄድ በዚህ ወር ምን አርሳለሁ? ሣሩ ቆሞ ይደርቃል፣ እኔ ግቢ ውስጥ ትራክተር ስወለውል እከርማለሁ። ከሲሶ ሰዓት በላይ የተቀመጥኩ አይመስለኝም። ወረድኩና ለኃላፊው "ትራክተሯ ትቅር" አልኩት። አልሰማኝም መሰለኝ፣ ደግሜ አልኩት። ፊቱን አዙሮ "እኔ የለሁበትም፣ ፈርሙ" አለ።

አያ ሰይድ ሰግደው ሲመለሱ እኔና ይመር ኮርቻዎቹን እያወጣን ደርሰናል። ቆመው አዩኝ። ፊቴ ላይ ዕንባና አቧራ ተቀላቅሎ ምን እንደምመስል እንጃ። "አብሽሪ" አሉኝ። ያቺን አንድ ቃል ብቻ። እጅጌያቸውን ሰብስበው መሸከም ጀመሩ። እኔ ፈረምኩ፣ እሳቸው በጣታቸው አተሙ። ዶሮ መዝለያን ስንወጣ ኤንትሬው ያቃስታል፣ ከኋላ ብረቱ ይንጋጋል፣ ሹራቤን መልሼ ለበስኩ።

ሥራ አስኪያጁ ጭነቱን ሲያይ የተናገረውን አልደግመውም። ደንግጦ ነው፣ ጎብኚዎቹ በዚያው ሳምንት ነው የሚመጡ። በሁለተኛው ቀን ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቦ ሂስና ግለ ሂስ ተባለ። ሥራ አስኪያጁ ከፊት ቆሞ "የገዛ አብዮታችን የሰጠንን ትራክተር ትቶ የፈረስ ኮተት የመረጠ ማነው? ወደ ኋላ ሊጎትተን የፈለገ ማነው?" አለ። ያን ዘመን ያየ ሰው እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ወዴት እንደሚያደርስ ያውቃል። ልነሣ ብዬ የወንበሩን ጠርዝ ያዝኩ፣ አልተነሣሁም።

አያ ሰይድ ተነሡ።

"እኔ ነኝ ጓድ" አሉ። "ልጅቱማ ትራክተሩን ብላ ነበር። ወጥታ ነድታውም ነበር፣ ይመር አይቷል። እኔ ነኝ አልሰማም ብዬ ያስቸገርኳት። ሽማግሌ ነኝ፣ ከፈረስ ሌላ አላውቅም።"

ይመር ወደ መሬት አየ። ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ዞሮ "እውነት ነው?" አለኝ።

ዝም አልኩ። ይህንን ለመጻፍ ነው ይሄን ሁሉ የተንዛዛሁት። ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ አዎንታ ቆጠሩት። አያ ሰይድን ከባልደራስነት አነሷቸውና የበር ዘበኛ አደረጓቸው። ፈረሶቹን ትንሽ ቆይቶ ለተቀጠረ ሌላ ሰው ሰጡ። ጎብኚዎቹ መጥተው ሄዱ፣ አንድም ሰው ስለ ትራክተር አልጠየቀም።

እንግዲህ በዚያ ጥቅምትና ኅዳር የሆነውን እንዴት ብዬ ልናገረው? ያ ሁሉ ኀፍረት በላዬ እያለ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አናጢው ዘንጉን ሠራልኝ። ሁለት ፈረሶች፣ አንድ ዳማ አንድ ቦራ፣ ጠምጄ፣ ከብረቱ ወንበር ላይ ጆንያ አጥፌ፣ ጠዋት ጤዛው ሲነሣ እወጣለሁ። ልጓሙን ስነካው ሁለቱ እኩል ይነሣሉ፤ ስለቱ ችክችክችክ ማለት ይጀምራል፤ ሣሩ በጎኔ እንደ ሰጋጅ ሰልፍ እኩል ዝቅ ይላል። ሞተር የለ፣ ጭስ የለ፣ የጦሳ ተራራ ከፊቴ ጉሙን እያወለቀ ይቆማል። የአጫጆቹ ሴቶች በመንሹ እየሰበሰቡ ይዘፍናሉ፤ አንዷ ግጥም ታወርዳለች፣ ሌሎቹ ይቀበሏታል፤ ስሜን አስገብተው ያሾፉብኛል። ከበሩ ዘንድ ደግሞ አያ ሰይድ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመው በሩቁ ያያሉ። ቦራው ሲሰንፍ "ጠፍሩ ጠብቆበታል፣ ላላ አድርጊለት!" ብለው ይጮኹልኛል። ዘበኛ ናቸው፣ ከበሩ መራቅ አይፈቀድላቸውም። ምሳዬን ይዤ እሳቸው ዘንድ እየሄድኩ ስለ ሁሉም ነገር እናወራለን፤ ስለዚያ ስብሰባ ግን አንስተን አናውቅም። እኔ ልጀምር እላለሁ፣ እሳቸው ስለ ባዝሮቹ ይጠይቁኛል። ስድስት ትልልቅ የድርቆሽ ክምር ከመርን። ገራዶ ሜዳ እንደዚያ አይታ አታውቅም።

በዓመቱ ዝናቡ ቀረ። ስለዚያ ክፉ ቀን ብዙ ተጽፏል፣ ብዙ ተነግሯል፣ እኔ የምጨምረው የለኝም። የኛን ብቻ ልናገር። ድርቆሹ ስለነበረ ፈረስና በቅሎዎቹ ቆሙ። የእርዳታ እህል በመኪና ኩታበር ደረሰ፣ ከዚያ ወዲያ ግን ገደልና ቆላ ነው፣ መኪና አይገባም። ሰው ወደ እህሉ ለመምጣት ጉልበት አልነበረውም። ያኔ ነው አንድ ባለሥልጣን የጭነት ከብት ያለው ማነው ብሎ ሲጠይቅ የኛ ጣቢያ የተነሣው። ከብቱም አለ፣ ኮርቻውም አለ። ቆላውን የሚያውቅ፣ መቶ በቅሎ በገደል መርቶ የሚያወርድ ሰው ሲፈለግ ደግሞ ሌላ አልተገኘም፤ ዘበኛውን ጠሩ። አያ ሰይድ ዱላቸውን ይዘው ከበሩ ወጡ። እኔ ኩታበር ተቀምጬ ጠፍር እጠግናለሁ፣ ጭነት አመዛዝናለሁ። ሲመለሱ ከኮርቻው ላይ ሕፃናትና አቅመ ደካሞች አስቀምጠው ይመጣሉ። አንድ ቀን ካወረዱት አንዱ ሕፃን ልጓሙን አልለቅም ብሎ ጣቶቹን አንድ በአንድ ነበር ያላቀቅናቸው። አያ ሰይድ በዚያን ጊዜ ሃያ ዓመት አረጁ። እኔ የማውቀው ግን ስንት ጊዜ እንደወረዱ አይደለም፤ አንድም ጊዜ አልወርድም እንዳላሉ ነው።

ያ ዘመን ሲያልፍ ከበላይ ሰዎች መጡ። ሥራ አስኪያጁ ፈገግ ብሎ፣ ብዕሮቹን ደርድሮ ያስጎበኛቸዋል። አንደኛው፣ ሽበታም ቢጤ፣ ከድርቆሹ ዳስ ቆሞ "ይህን መሣሪያ መርጦ ያመጣው ባለሙያ ማነው? አስተዋይ ሰው ነው" አለ። ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ሲጠርግ አያ ሰይድ ከኋላ ሆነው ቀደሙት።

"ይቺ ልጅ ናት" አሉ፣ በእጃቸው እየጠቆሙኝ። "የሺመቤት። እሷ ናት የመረጠችው።"

ሰውየው እጄን ጨበጠ። ምን እንደምፈልግ ጠየቀኝ። አፌ ከልቤ ቀድሞ "ትራክተር" አለ። በወሩ ወደ አንድ ትልቅ የቆላ እርሻ ተዛወርኩ። ወቀሳው ሲመጣ እሳቸው ወሰዱት፣ ምስጋናው ሲመጣ ለኔ ሰጡኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀበልኩ።

ስሄድ ደሴ መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። በአምባላይ ፈረስ ከገራዶ ወጥተው፣ ፈረሱን ከቆርቆሮው አጥር አስረው፣ ከአውቶቡሱ መስኮት ሥር ቆሙ። "ለዐረፋ እመጣለሁ አያ" አልኳቸው። "ኢንሻ አላህ" አሉ። አልመጣሁም። ሥራ ነው፣ ጦርነት ነው፣ መንገድ ነው፤ ከዚያ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ አባቴ ሞተና ቤታችን ተሸጠ። ምክንያት አያልቅም። እውነቱን ለመናገር፣ ፊታቸውን ለማየት ፈርቼ ነው።

መንግሥት ተለውጦ ብዙ ከቆየ በኋላ ነው የተመለስኩት። ጣቢያው ፈርሷል። ፈረሶቹ ለገበሬ ተከፋፈሉ አሉኝ፤ ብረቱን ማን እንደወሰደው የሚያውቅ አላገኘሁም። ሜዳው ሽንኩርትና ድንች ሆኗል። አያ ሰይድን ኩታበር ሄጄ አገኘኋቸው። ከቤታቸው ደጃፍ፣ አጎዛ ላይ፣ ፀሐይ እየሞቁ። ዐይናቸው ጠፍቷል። ስሜን ሳልናገር እጃቸውን ስስም መዳፌን ይዘው ዳበሱትና "ይሄ የመፍቻ እጅ ነው፤ የሺ!" አሉ።

ስንት ዓመት የተለማመድኩትን ተናገርኩ። ያን ቀን ዝም እንዳልኩ፣ ፈርቼ እንደነበር፣ እሳቸው በር ላይ ሲቆሙ እያየሁ አንድ ቃል እንዳልተነፈስኩ።

"አንቺ እሱን ይዘሽ ነው የኖርሽ?" አሉኝ። "እኔ እኮ ያን ቀን ልሰግድ ስሄድ ለይመር ገመድ ፈልግ ብዬው ነበር።"

"የምን ገመድ?"

"ትራክተሩን የምናስርበት። ወላሂ! ስትነጂው አይቼሽ ነበራ። እንዲህ ያማረባትን ልጅ ምን ብዬ ላስወርዳት? ይዛው ትሂድ፣ ለሣሩ አላህ ያውቃል ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነው የሄድኩት። ስመለስ ወርደሻል። ታዲያ ማን መረጠ?"

"ወቀሳውን ግን እርስዎ..."

"ወቀሳውን ተይው። አንቺ ሃያ ሁለት ዓመትሽ ነበር፣ እኔ ዘበኛ ሆኜ በሩ ላይ ተቀምጬ እንኳ ፈረስ ይታየኝ ነበር። አንቺን ቢያስሩሽ ማን ሊያጭድ ነው?" ብለው ሳቁ። ጥርሳቸው ሁሉ አልቋል። ያኔ ነው ድምፄን ከፍ አድርጌ ያለቀስኩት። ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ ምን ሆነች ብለው ወጡ፤ ተያት፣ መንገድ ደክሟት ነው አሏቸው።

ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ እንደ ልጅ ጉጉት ባለው ድምፅ፣ "ኋላ ያገኘሽውስ? እዚያ ቆላ የሰጡሽ? ምን ዓይነት ነበር? ንገሪኝ እስቲ" አሉኝ።

ነገርኳቸው። አረንጓዴ እንደነበረች፣ ከኛዋ ቀይዋ እንደምትበልጥ፣ ጠዋት ስትነሣ መሬቱ እንዴት እንደሚርድ፤ በጥጡ ማሳ ላይ አንዴ ትልም ከያዝኩ ከአድማስ እስከ አድማስ ሳልዞር እንደምሄድ፤ ሙቀቱን፣ አቧራውን፣ ስንት ጊዜ ተበላሽታ ስንት ጊዜ እንዳስነሣኋት። ዐይናቸውን ወደ ድምፄ አድርገው ያዳምጣሉ፤ "እ?" ይላሉ፣ "ከዚያስ?" ይላሉ። የዐስር ሶላት እስኪደርስ አወራሁ። ከዚያ በፊት ማንም ስለ ትራክተሯ እንዲያ ጠይቆኝ አያውቅም፤ ባሌም ልጆቼም።

"ደስ ብሎሽ ነበር ግን?" አሉኝ በመጨረሻ።

"ደስ ብሎኝ ነበር፣ አያ። እንደ ገራዶው ግን አልነበረም።"

እጄን ከመዳፋቸው አላወጡትም።

"እሱን አትንገሪኝ" አሉ ቆይተው። "እሱን ከነገርሽኝ እኔም አለቅሳለሁ።"

የሚቀጥለውን ክረምት አላዩትም። እኔ የሰማሁት ከተቀበሩ ከሁለት ወር በኋላ ነው።